መዝጊያ የሌለው ደጅ

የእኛ ቤት መዝጊያ አልነበረውም። ከድህነት እንዳይመስላችሁ፤ ድህነቱ የመጣው በኋላ ነው። መቃን አለው፣ ጉበን አለው፣ ሰው የሚደገፈው ወፍራም ምሰሶ አለው፤ መዝጊያ ግን ተሠርቶለት አያውቅም። የአባቶቻችን ሥርዓት ነው፤ የገዥ ደጅ አይዘጋም። የተበደለ ሰው ባሻው ሰዓት መጥቶ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ይቀመጣል፤ ነገሩ ሳይሰማለት አይነሳም። እስኪሰማለት ደግሞ መብላትና መጠጣት አለበት። የሚያበላው ማን ነው? መጀመሪያ እናቴ፣ እሷ ስትሞት እኔ።

ስለዚህ ሰው ስለ መሳፍንት ታሪክ ሲያወራ ለእኔ የሚታየኝ ዘውድና ጦር አይደለም። የሚታየኝ የማሽላ ዱቄት ነው። ከወፍጮው ድንጋይ ላይ ቀና ባልኩ ቁጥር አንድ ባለጉዳይ በትሩን ተደግፎ ደጅ ቆሟል። ሌሊት የጓሯችንን እሾህ ጎትተን ለጅቡ እንዘጋለን፤ ለሰው ግን ምንም። ባሌ ሞቶብኝ ከጎንደር ወደ አባቴ ቤት ስመለስ ሐዘኔን የማለቅስበት ጥግ እንኳ አላገኘሁም። አንድ ቀን እንባዬን እየጠረግሁ ሳለ አንዱ አንገቱን በመቃኑ አስገብቶ «እመቤቴ፣ ፍየል የጠፋበት ሰው ነኝ» አለኝ። ሳልወድ በግዴ ሳቅሁ።

ገዥ ስል ትልቅ ነገር እንዳትጠብቁ። በዘመነ መሳፍንት፣ ደጋው ላይ ወንድም ወንድሙን ለአንድ አምባ ሲወጋ፣ በርስት ክርክር የተረታ አንድ የባላባት ልጅ፣ የዘራችን መነሻ፣ ጥቂት ሎሌዎችና አንድ ነጋሪት ይዞ ወደ ቆላ ወረደ። ወባ የሚጠብቀው አገር ነውና «የት ትሄዳለህ?» ያለው የለም። ከሽንፋ ወንዝ ወዲህ ካለች ጉብታ ላይ ወጣና ሎሌዎቹን በአራቱም ማዕዘን ሰደደ፤ ነጋሪቱንም አስመታ። እነሱም ድምፁ እስኪጠፋባቸው ድረስ ሄዱ፤ በጠፋባቸው ቦታ ድንጋይ ከመሩ። ያ ድንበር ሆነ። አገሪቱ በሙሉ ያቺው ናት። አባቴ ይህን ሲያወሩ ምንጊዜም አንድ ነገር ያክሉበታል፤ «ነፋስ የነፈሰ ቀን አገራችን ትሰፋለች። ክረምት ሲገባ ቆዳው ይረጥባል፤ ትጠባለች» ይላሉ።

ከላይ ጎንደር አለ። ከታች የሱዳን ገዥዎች አሉ። ሁለቱም «ግብር አምጣ» ይላሉ። አያቶቼ ለላይኛው ማር፣ ለታችኛው ጥጥ እየላኩ ለሁለቱም «የእርስዎው ነን» ሲሉ ኖሩ። አንድ ጊዜ የሁለቱ መልእክተኞች በአንድ ቀን መጡና አንደኛውን እልፍኝ፣ ሌላኛውን ከበረቱ ጀርባ ዳስ ጥለው አስቀመጧቸው ይባላል። ቅድመ አያቴ ከአንዱ ወደ አንዱ «እስቲ ውጭ ከብት አይቼ ልምጣ» እያሉ ሲመላለሱ ዋሉ። ሁለቱም እንግዶች ጠግበው፣ ሰክረው፣ ሳይተያዩ ሄዱ። ቅድመ አያቴ ለሳምንት እግራቸው አብጦ ተኙ። «ትንሽ አገር መግዛት ማለት እግር ነው» ይሉ ነበር አባቴ። ትልቁ ንጉሥ ይቀመጣል፤ ትንሹ ሲሮጥ ይኖራል።

ከዚያ ደርቡሽ መጣና አቃጠለን፤ ጫካ ገብተን ተመልሰን ሠራን። ጣሊያን መጣ፤ ሄደ። ጃንሆይ ግብሩንም ሥልጣኑንም ወደ ራሳቸው ሲሰበስቡ ለአባቴ የተረፋቸው ቀኛዝማች የሚል ማዕረግ፣ ያ ነጋሪትና ያ ደጅ ነው። መሬትም ነበረን፣ የሚያርሱልን ጭሰኞችም ነበሩን፤ ንጹሕ ነበርን ብዬ አልምልም። ብቻ አባቴ ጨካኝ ሰው አልነበሩም። የደከሙ ሰው ነበሩ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ፊታቸው የድካም ፊት ነው።

አሁን የእጁን ነገር ልንገራችሁ፤ እሱን ካልነገርኩ የመጣብን መከራ አይገባችሁም።

ችሎት ሲቀመጡ አባቴ ቀኝ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ይከታሉ። ከሳሽ ይናገራል፤ ተከሳሽ ይናገራል፤ ምስክር ይምላል። ሽማግሌዎቹ ዙሪያውን ተቀምጠው ትንፍሽ አይሉም። የሆነ ሰዓት ላይ አባቴ እጃቸውን ከጋቢው ያወጡና መዳፋቸውን ዘርግተው ከፍ ያደርጉታል። «ሰምቻለሁ» ማለት ነው። ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ ሁሉ እጃቸውን ያነሳሉ፤ «ሰምተናል» ማለት ነው፤ ከዚያ ፍርድ ይነገራል። የጌታው እጅ ሳይወጣ እጅ ማንሳት በአገራችን ነውር ነው፤ በጎረቤት ሰርግ ላይ ሙሽራው ሳይቀርብ ወጥ እንደ መጉረስ ያለ ነውር። ደግሞ አንድ ነገር አለ። ጉዳዩ የራሳቸው ከሆነ እጃቸው አይወጣም። አንድ ዓመት የአጎቴ ግመል የሰው ሰሊጥ ረግጦ ነዶውን በሙሉ አራገፈው። አባቴ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ እንደከተቱ ተነሥተው «እኼ የቤቴ ነገር ነው፤ ኸቤተ ክርስቲያን ሽማግሎች ዘንድ ሂዱ» ብለው ወጡ። ሰው በራሱ ነገር ዳኛ አይሆንም፤ ይህ ከነጋሪቱ ጋር አብሮ የወረደ ሕግ ነው።

አብዮቱ መጣ። መሬት ለአራሹ ሆነ። የገበሬ ማኅበር ተቋቋመ፤ ሊቀ መንበሩም ሌላ ሰው ሳይሆን የነጋሪት መቺያችን ልጅ ሆነ። እኔና እሱ አንድ ጓሮ ያደግን ነን። መሬቱንና ነጋሪቱን ሊረከብ ሲመጣ ፊቱ የሰው ፊት አልነበረም፤ ላቡ እስከ አንገቱ ይወርዳል። አባቴ አንገረባቸው ላይ፣ ያ በጠፍር የተጠለፈ የሱዳን አልጋ ላይ ተጋድመው ነበር። ብድግ አሉና ነጋሪቱን ራሳቸው አውርደው ሰጡት።

«ጌታዬ…» አለ እሱ።

«አሁን ጓድ ነው የሚባለው» አሉት አባቴ። «ውሰደው። እባክህ ነገረተኛውንም አብረህ ውሰድልኝ።»

ያን ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቴ ሳያጉረመርሙ እራት በሉ። «ልጄ፣ ገላገሉኝ እኮ» አሉኝ። ሰው መሬቱን ተወርሶ እንዲህ ሲደሰት አይቼ አላውቅም። እኔም በሆዴ ያሰብኩት መዝጊያ ነው። አናጺ ከመተማ አስመጥቼ፣ ጥሩ የዋንዛ መዝጊያ አሠርቼ፣ ከውስጥ መቀርቀሪያ አስገብቼለት፣ ጥርቅም አድርጌ ዘግቼ አንድ ቀን ሙሉ ልተኛ። ይህን ያህል ነበር የአብዮት ተስፋዬ።

የኛ ሰው ግን የኛ ሰው ነው። ማኅበሩ ቆርቆሮ ክዳን ያለው ፍርድ ሸንጎ ሠራ፤ ሰዉ እዚያ ይካሰሳል፣ ይፈረድለታል፣ ከዚያ ወደ እኛ ቤት ይመጣል። ከክፈፉ ሥር ይቀመጣል። «ምነው? ተፈርዶልህ የለም?» እለዋለሁ። «ተፈርዶልኛል እመቤቴ፤ ትክክል መሆኑን ጌታዬን ልጠይቃቸው ብዬ ነው» ይለኛል። ከሁሉ የሚያናድደኝ ፈራጁ ራሱ፣ ሊቀ መንበሩ፣ በጓሮ በኩል ዞሮ «እኼን ነገር እንዴት ላርገው?» እያለ መምጣቱ ነው። በፊት አንድ ጊዜ የምፈጨውን አሁን ሁለት ጊዜ ፈጨሁ። ፍቅር ነው ይሉኛል። ፍቅር ከሆነ ከወፍጮው ሥር ያልተቀመጠ ሰው ይቀበለው።

ወሬ ደግሞ እግር አለው። አንድ ቀን ሊቀ መንበሩ ጨልሞበት እንደመጣ ሰው ፊቱን አጥቁሮ መጣ። ከአውራጃ ካድሬ ሊመጣ ነው። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት የቀድሞ ባላባቶች ጉዳይ በየማኅበሩ ይታያል። ሕዝቡ በስብሰባ «እንደኛው አራሽ ነው» ብሎ በድምፅ ከተቀበለው አባል ይሆናል፤ የማሽላ መሬት ይሰጠዋል፤ በአገሩ ይኖራል። ካልተቀበለው ወይም አሁንም ገዥ ሆኖ ከተገኘ ከሕዝቡ ተነጥሎ ጎንደር ከተማ በቀበሌ ጥበቃ ይቀመጣል።

አባቴ ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ የጠየቁት «መሬቱ ወዴት በኩል ነው?» ብለው ነው። የእናቴ መቃብር ካለበት ቤተ ክርስቲያን በታች እንዲሆን ፈለጉ። ከዚያች ጉብታ ርቀው ከአንድ ጊዜ በቀር አድረው የማያውቁ ሰው ናቸው። ጎንደርን ያዩት ማዕረግ ሊቀበሉ ሄደው ነው፤ ሲመለሱም «ብርድ ነው፤ ሰው አይተዋወቅም» ብለው ነበር። «እዚሁ ተራ ሰው ሆኜ ልሙት» አሉ። «ሌላ ምንም አልፈልግም። ማሽላዬን ላርም፤ ማንም አይጠይቀኝ፤ ኸናትሽ ጎን ቅበሩኝ።»

ስለዚህ አባቴን ተራ ሰው ማድረግ ጀመርን። ከባድ ሥራ ነው፤ ማንም ቀላል ነው አይበለኝ። ቁምጣ አለበስኳቸው። መኮትኮቻ ይዘው ወደ ጎረቤት ማሳ ወጡ። ገና ሁለት ሐረግ ሳይነቅሉ ከየእርሻው ሰው ሮጦ መጣና «ጌታዬ፣ እኛ እያለን!» ብሎ መኮትኮቻውን ነጠቃቸው፤ እሳቸው ወገባቸውን ሳያቀኑ ማሳው ታርሞ አለቀ። ቡራቡሬ ከረጢት ተሸክመው ወደ ገበያ ሲወርዱ ሦስት ሰው ከሥር ገብቶ ከረጢቱን ወሰደው፤ አራተኛው አባቴንም ሊሸከማቸው ምንም አልቀረው። «ተዉኝ እንጂ፣ በእመቤቴ ይዣችኋለሁ!» ይላሉ። «እሺ ጌታዬ» ይሉና አይተዉም።

ጨርቄን ጥዬ ላብድ ምንም አልቀረኝም። በመጨረሻ ከሊቀ መንበሩ ጋር ተማከርንና ቤት ለቤት ዞርኩ። መንደሩን ሁሉ፣ ለሥራ ወርዶ የቀረውን ጎጃሜንም፣ የአገሩንም ሰው። እንዲህ ብዬ አስጠናሁ፤ «አባቴ ሲመጡ ማንም እንዳይነሳ። ማንም ጎንበስ ብሎ እጅ እንዳይነሳ። ጌታዬ የሚል ሰው ካለ ምላሱን እቆርጣለሁ። አንቱ አይባሉም፤ አንተ ነው።» አንዲት አሮጊት «አንተ?» ብላ አማተበች። «አዎ፣ አንተ» አልኳት። «እኔ ሞቼ ነው!» አለች። «ሙቺ፤ ግን ስብሰባው ካለቀ በኋላ» አልኳት። የሚወዷቸው ከሆነ ፍቅራቸውን ለአንድ ቀን እንዲደብቁልኝ ነው የለመንኩት። ሁሉም ቃል ገቡልኝ። እየፈሩ፣ እያፈሩም ቢሆን ቃል ገቡ።

ካድሬው ግንቦት ላይ መጣ። ክፉ ሰው እንዲሆን ጠብቄ ነበር፤ ወባ ያንቀጠቀጠው ደካማ ወጣት ሆኖ አገኘሁት። ከንፈሩ ደርቋል። በዚያ ሙቀት ካቦርት ደርቧል። ስብሰባው ከማኅበሩ መጋዘን አጠገብ ባለው ትልቅ ሮቃ ዛፍ ሥር ሆነ። የመጀመሪያው ጉዳይ የመጋዘኑን ጣሪያ ማደስ ነበር። «የሚደግፍ እጁን ያውጣ» አለ፤ እጅ እንደ ማሽላ ራስ በዛ። «የሚቃወም?» የለም። ካድሬው ደስ አለው። ጥሩ ንቃት ያለው ሕዝብ ነው አለ። ሊቀ መንበሩም ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔ ከዳር ቆሜ ነበር። እንዴት ያለ እፎይታ ተሰማኝ።

ከዚያ አባቴ ተጠሩ።

ቁምጣቸውን ለብሰው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ በዝግታ መጡ። ማንም አልተነሳም። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ማንም። አንድ ሽማግሌ ጉልበቱ ከመሬት ሲለቅ ሚስቱ በክርኗ ጎኑን ወጋችው፤ ተመልሶ ቁጭ አለ። ሁሉም መሬት መሬቱን ያያል። አባቴ መጥተው ከመካከላቸው አፈሩ ላይ ተቀመጡ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ደስታ ነበር። ሰው ሳይነሳላቸው ሲቀር ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

«ይህን ሰው የሚያውቅ ይናገር» አለ ካድሬው።

አንድ ገበሬ ተነሣ። አባቱም አያቱም በእኛ ደጅ የተዳኙ ሰው ነው። «አብሮን ያርማል» አለ። «እንደኛው ነው። ይሸከማል። ይበላል ይጠጣል።» አባቴን «ያርማል» ሲል ድምፁ ተሰብሮ እንባው መጣ። ካድሬው ግን ከወባው ጋር ይታገል ነበርና ልብ አላለውም። ሌላም ተነሣ፤ እሱም እንደተስማማነው ተናገረ። አለቀ፣ አልኩ በልቤ። መዝጊያዬን አየሁት። መቀርቀሪያውን ሁሉ አየሁት።

«እንግዲያው ይህ ሰው የማኅበሩ አባል ይሁን የሚል እጁን ያውጣ።»

ዝም።

ካድሬው የሰሙት አልመሰለውም። ደገመው። ዝም። አንድም እጅ የለም። ሰዉ ሁሉ ቀና ብሏል፤ መሬት ሲያይ የነበረው ዓይን ሁሉ አሁን አንድ ቦታ ሆነ። አባቴን ያያሉ። እኔም ያን ጊዜ ገባኝ። መነሣቱን አስተውተናል፣ አንቱታውን አስተውተናል፣ ጎንበስ ብሎ እጅ መንሣቱን አስተውተናል፤ የእጁን ነገር ያሰበው አልነበረም። ስለ ጣሪያው ሲጠየቁ አባቴ አልነበሩም፤ እጃቸውን እንደልባቸው አወጡ። አሁን ግን አባቴ አሉ። አባቴ ባሉበት የአባቴ እጅ ሳይወጣ ማን ያወጣል? ሊቀ መንበሩ ጠረጴዛው ላይ የተከለውን የራሱን እጅ የሌላ ሰው ይመስል ያየዋል።

የአባቴ እጅ ደግሞ ጋቢያቸው ውስጥ ነው። ጉዳዩ የራሳቸው ነዋ! በራሳቸው ነገር እጃቸው ወጥቶ አያውቅም።

እነሱ እሳቸውን ይጠብቃሉ። እሳቸው እነሱን ይጠብቃሉ። እኔ ከዳር ቆሜ ጥርሴን እነክሳለሁ።

«የሚቃወምስ?» አለ ካድሬው። ዝም። ያን ጊዜ ካቦርቱን ወርውሮ ተነሣ። «ምን ማለት ነው ይኼ? ትደግፋላችሁ አትደግፉም? አብዮቱን እየቀለዳችሁበት ነው? ለዚህ የሚጠየቅ ሰው ይኖራል፤ ሊቀ መንበሩ ይጠየቃል፤ መንደሩ ይጠየቃል!» ሴቶቹ ልጆቻቸውን ወደ ጉያቸው ሳቡ። ሰዉ ተሸማቀቀ፤ ግን እጅ የለም። ቢገደሉ እጅ የለም።

አባቴ ዙሪያቸውን አዩ። አንድ በአንድ አዩአቸው። ከዚያ ቀስ ብለው እጃቸውን ከጋቢያቸው አወጡ፤ መዳፋቸውን ዘርግተው ከፍ አደረጉት።

የሁሉም እጅ በአንድ ጊዜ ተነሣ። አንዱ ቀድሞ አንዱ ዘግይቶ አይደለም፤ በአንድ ጊዜ ነው። የወንዱ፣ የሴቱ፣ የሊቀ መንበሩ። አንድ ሁለቱ ከልማድ «ሰምተናል» አሉ።

ካድሬው ወደ ሕዝቡ ዞረ። የተነሡትን እጆች አየ፤ አባቴን አየ። ንዴቱ ከፊቱ ጠፍቶ ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባት፣ እስቲ እጅዎን ያውርዱ» አለ።

አባቴ አወረዱ። የሁሉም እጅ ወረደ።

«በቃ፤ አየሁ» አለ።

ያኔ በሕዝቡ ላይ የተሰማኝ ቁጣ ነው። ዛሬም አልወጣልኝም። ቀርቤ በያንዳንዳቸው ጉንጭ ላይ በጥፊ ብላቸው በወደድኩ። ሊቀ መንበሩ ፀሐይ ስትጠልቅ መጥቶ ደጃችን ላይ ከክፈፉ ሥር ተቀመጠ፤ እንደ ባለጉዳይ። እህል አቀረብኩለት፤ ምን ላድርግ፣ ሥርዓት ነው። አልበላም። «እጄ እምቢ አለኝ» አለ። «እምልልሻለሁ፤ ላነሳው እፈልጋለሁ፤ እምቢ አለኝ።» አባቴ ከአንገረቡ ላይ ሆነው «አባትህም እንዲያ ነበር፤ እኔ ሳልል ነጋሪቱን አይመታም» አሉት። «አይዞህ፤ ያንተ ጥፋት አይዶለም።»

እሱ ሲሄድ ጠየቅኋቸው። «አባዬ፣ እጅዎን ሲያወጡ እንዲህ እንደሚሆን አላወቁም?»

«አውቄያለሁ» አሉ። «እጃቸው እንደማይወጣ አየሁ። ሰዉ ሊጠየቅ ነው፤ ያ ልጅ ሊታሰር ነው። ምን ላርግ? እነሱን ማስፈታት እጅ ማውጣት ብቻ ነው የሚፈልገው።» ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አድርገው፣ «በራሴ ነገር አይደለም ያወጣሁት፤ በነሱ ነገር ነው» አሉኝ። አባቶቻቸው እንዲሰሟቸው የፈለጉ ይመስል ነበር።

ሰሊጥ ጭኖ ወደ ጎንደር የሚወጣ የጭነት መኪና ላይ ጫኑን። አንገረቡን ይዤ ልሂድ ብል ቦታ የለም አሉኝ። ሰዉ መንገዱ ዳር ተሰልፎ ነበር። አሁን ሁሉም ቆሟል፤ የሚከለክለው የለም። አባቴ ከጆንያው ላይ ተቀምጠው አንዴም ዞረው አላዩም። ጥቂት እንደሄድን ከመንገዱ ዳር በሣር የተዋጠ የድንጋይ ክምር ጋ ስንደርስ ጣታቸውን ቀሰሩ። «እዚህ ድረስ ነበር የሚሰማው» አሉኝ። ከዚያ ጭንቅላታቸውን ትከሻዬ ላይ ጥለው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ያን መንገድ፣ ያን አቧራና ዝላይ ሁሉ፣ ደጋ እስክንወጣ ድረስ ተኙ።

ጎንደር የሰጡን አንዲት ጠባብ ክፍል ናት፤ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን። መዝጊያ ነበራት። ሰማያዊ የቆርቆሮ መዝጊያ፣ ከነመቀርቀሪያዋ። አባቴ ግን ከንጋት እስከ ምሽት ወለል አድርገው ከፍተው፣ ከመቃኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። ብርዱ ያንቀጠቅጠኛል። «አባዬ፣ ልዝጋው?» እላለሁ። «ቆይ፤ ሰው ቢመጣስ?» ይላሉ። ማን ይመጣል? መንደርተኛው ውሃ ሊቀዳ ያልፋል፤ ትምህርት ቤት ሊሄድ ያልፋል። አንዳንዱ «እንደምን አደሩ አባባ» ይላል፤ አንዳንዱ አይልም። እኔም እንደለመድኩት ለብዙ ሰው የሚበቃ እፈጫለሁ፤ ሁለታችን እንበላና ይተርፋል። የተረፈውን ለጎረቤት ዶሮዎች እበትናለሁ።

የቀበሌ ስብሰባ ግዴታ ነበር። እሑድ እሑድ አባቴ ምርኩዛቸውን ይዘው ይሄዳሉ፤ ከኋላ ይቀመጣሉ፤ ይመለሳሉ። የሚነገረው ስለማያገባቸው እጃቸው ጋቢው ውስጥ ይውላል። አንድ እሑድ የቦኖ ውሃ ጉዳይ ተነሣ። ቧንቧው ከወፍጮ ቤቱ ጋ ይተከል ወይስ ከአቀበቱ ላይ? የእኛ ሰፈር አሮጊቶች ቁልቁለት ወርደው ከወፍጮ ቤት ማምጣት አይችሉም። አባቴ ይህን ያውቃሉ፤ ቀኑን ሙሉ ከበራቸው ላይ ሆነው ሲወድቁ ሲነሱ የሚያዩዋቸው እሳቸው ናቸው። የአቀበቱ ነገር ቀረበና «የሚደግፍ» ተባለ።

ቤት ሲገቡ ጫማቸውን ሳያወልቁ በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

«እጄን አወጣሁ» አሉኝ።

እጄ ዱቄት ነበር። ቀና ብዬ አየኋቸው።

«መጀመሪያ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ጠበቅሁ። ወደ ቀኝ አየሁ፣ ወደ ግራ አየሁ።» ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ግን ዓይናቸው ላይ አልደረሰም። «ማንም አላወጣም፣ ልጄ። አንድም ሰው። የቀበሌው ሊቀ መንበር ‹አንድ ድምፅ› ብሎ አለፈ። ቦኖው ኸወፍጮ ቤቱ ጋ ሆነ።»

«እንግዲህ የፈለጉት ይኼ አልነበረም እንዴ?» አልኳቸው። በምፀት አይደለም፤ ላጽናናቸው ፈልጌ ነው። «ተራ ሰው ሆኑ እኮ።»

«አዎ» አሉ። «ሆንኩ።» መዳፋቸውን ዘርግተው እንደማያውቁት ዕቃ አገላብጠው አዩት፤ ከዚያ መልሰው ጋቢው ውስጥ ከተቱት። «የዘላለም ምኞቴ ነበር። እንዲህ ብቸኛ መሆኑን ግን የነገረኝ አልነበረም።»

ደጁን ለረጅም ጊዜ አዩ። አንዲት ሴት እንስራ ተሸክማ፣ ወደ እኛ ሳትመለከት፣ ቁልቁል ወረደች።

«ዝጊው» አሉኝ። «ይበርዳል። የሚመጣ የለም።»

ተነሥቼ ዘጋሁት። ዕድሜዬን ሙሉ ስመኘው የኖርኩት ነገር ነው፤ መዝጊያ ገፍቶ መቀርቀሪያ መወርወር። መቀርቀሪያውን ወርውሬ፣ እጄን ከብረቱ ላይ ሳላነሳ፣ ውጭ ሰው የሚያንኳኳ እንደሆነ ትንሽ አዳመጥኩ።